ሰባት ቅኝት፣ አንድ ክራር፦ የስፔስ ማሪን ኮዴክስ ደሴ ገበታ ላይ ሲዘረጋ

በዋርሃመር 40,000፣ በትንንሽ ሞዴል ወታደሮችና በዳይስ በሚካሄደው የገበታ ላይ የጦርነት ጨዋታ፣ «ዲታችመንት» ምን እንደሆነ ለጀማሪ ማስረዳት ሌላ ቦታ አድካሚ ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን ብዙ አያለፋም። ክራሩ ያው ነው፣ ክሩም ያው፣ ተጫዋቹም ያው፤ ከአምባሰል ወደ ባቲ ሲቃኝ ግን የሚወጣው ዜማ ሌላ ነው። ዲታችመንትም እንደዚሁ ነው፤ ወታደሮቹ አይቀየሩም፣ የሚዋጉበት ሕግ ግን ይቀየራል። የዋርሃመር 40,000 10ኛ እትም ሲጀመር በነጻ የተለቀቀው ኢንዴክስ (ጊዜያዊው የሕግ ዝርዝር) ለስፔስ ማሪኖች (ጋሻ ለለበሱት የጠፈር ወታደሮች ጦር) የሰጠው ቅኝት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ግላዲየስ። የጨዋታው ባለቤት ጌምስ ወርክሾፕ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮዴክስ (የጦሩ የሕግ መጽሐፍ) ሰባት አድርሶታል።

ጥሩ ነው። ነገር ግን ሰባቱንም የሚያሰማ ክራር እጁ ላይ ያለው ማን ነው? የዚህ ጨዋታ ዕቃ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከመደርደሪያ አንስተው የሚገዙት አይደለም። የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ዘመድ ደግሞ አንድ ሳጥን ካመጣ ተመስገን ነው። ስለዚህ መጽሐፉ እዚህ የሚመዘነው በውጭ አገር ውድድር በሚሰለፍ የ2000 ነጥብ ጦር (እያንዳንዱ ጓድ የነጥብ ዋጋ አለው) ሳይሆን በአንድ ሳጥን ነው፤ ያም ሳጥን የእትሙ ማስጀመሪያ የነበረው ሌቪያታን ይሁን። የማሪኖቹ ግማሽ 25 ሞዴል ነው፦ ተርሚኔተር ጋሻ የለበሰ ካፒቴን፣ ተርሚኔተር ጋሻ የለበሰ ላይብረሪያን፣ ኮምቢ የያዘ ሌተናንት፣ አፖቴካሪ ባዮሎጂስ፣ 5 ተርሚኔተር፣ 5 ስተርንጋርድ፣ 10 ኢንፈርነስ (እነዚህ እሳት የሚተፉት ናቸው) እና አንድ ባሊስተስ ድሬድኖት። ተደምሮ 1000 ነጥብ አይሞላም፤ አንድ የኢንተርሰሰር (ተራ የማሪን እግረኛ) ጓድ ሲጨመርበት ይጠጋል። ሌላው ግማሽ፣ 47 ቲራኒድ (ከጠፈር የመጡ አውሬዎች)፣ የባላጋራው ድርሻ ነው።

በዚህ ጦር ከሰባቱ ዲታችመንት የሚያስኬዱት ሦስት ናቸው። ወደነሱ ከመግባታችን በፊት ግን መጽሐፉ ከእጃችን ስለወሰደው ነገር እንነጋገር።

የስፔስ ማሪን ጦር ሁሉ የሚመራበት ሕግ «ኦዝ ኦቭ ሞመንት» ይባላል፤ እኛ መሐላው እንበለው። በትእዛዝ ምዕራፋችሁ (ተራችሁ የሚጀምርበት ደረጃ) መጀመሪያ ላይ አንድ የጠላት ክፍል ትመርጣላችሁ፤ ጦራችሁ በሙሉ በዚያ ክፍል ላይ ይምላል። በኢንዴክሱ ጊዜ በዚያ ክፍል ላይ የሳተ የመምቻ ዳይስ (ጥቃት መጀመሪያ ይመታል፣ ከዚያ ያቆስላል፣ ዒላማው በመጨረሻ ይከላከላል) ደግሞ ይጣል ነበር፤ ያላቆሰለውም ደግሞ ይጣል ነበር። ኮዴክሱ ሁለተኛውን ሰርዞታል። የቀረው የመምቻው ብቻ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 5 ኢንተርሰሰሮች በቦልት ራይፍል 10 ጥይት ይተኩሳሉ። የሚመቱት በ3+ (ዳይሱ 3 ወይም ከዚያ በላይ ሲወጣ) ነው፣ ኃይላቸው 4፣ የመከላከያ መቀነሻቸው (ኤፒ የሚባለው) 1። ዒላማው እንደ እነሱው ጥንካሬ 4፣ መከላከያ 3+ ያለው ማሪን ይሁን። ያለ መሐላ በአማካይ 1.7 ቁስል ያልፋል። በኮዴክሱ መሐላ 2.2። በድሮው ኢንዴክስ 3.3 ነበር። አንድ ማሪን 2 ቁስል ይችላልና፣ ነገሩ ሲጠቃለል በየተኩሱ አንድ ሰው ተኩል ይጥል የነበረው ጓድ አሁን አንድ ሰው ብቻ ይጥላል። በ25 ሞዴል ጦር ላይ ይህ ይታወቃል፤ በሦስተኛው ዙር ገበታው ላይ የሚቀረው የጠላት ብዛት ይነግራችኋል።

ከዚህ የባሰው የእሳት ተፊዎቹ ነገር ነው። የኢንፈርነስ መሣሪያ ቶረንት የሚባል ባሕርይ አለው፤ መምቻ ዳይስ ጨርሶ አይጥልም፣ በራሱ ይመታል። የማይጣል ዳይስ ደግሞ እንዴት ይጣላል? እናም በኮዴክሱ እንደታተመው መሐላው ለ10ሩ ኢንፈርነሶች እሳት ምንም አይጠቅምም። ከሳጥኑ እግረኛ ግማሽ ያህሉ ከጦሩ ዋና ሕግ ውጭ ቀረ ማለት ነው። ይህን መጽሐፉ የትም ቦታ አይናገርም፤ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ያነበበ ብቻ ያገኘዋል። ብዙ ጀማሪ በልማድ መሐላውን እሳት ተፊዎቹ ፊት ለቆመው ክፍል ይሰጣል። አትስጡ። ስተርንጋርዶቹ ወይም ድሬድኖቱ ለሚተኩሱበት ስጡ።

አንድ የቋንቋ ወጥመድም አለ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ገበታው ላይ የሚወራው በአማርኛ ነው፤ እኛ ደግሞ ሦስቱንም ነገር «ዙር» ማለት ለምዶብናል። ጨዋታው 5 ዙር አለው፤ በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ ሁለቱ ተጫዋቾች የየራሳቸው ተራ አላቸው፤ በእያንዳንዱ ተራ ውስጥ ምዕራፎች አሉ፦ ትእዛዝ፣ እንቅስቃሴ፣ ተኩስ፣ ቻርጅ (የስልኩ አይደለም፣ ሮጦ ጠላት ላይ መግባት ነው) እና የእጅ በእጅ ውጊያ። ዙር፣ ተራ፣ ምዕራፍ፤ ሦስቱን ለይታችሁ ካልጠራችሁ ግማሹ ሕግ ይበላሻል። መሐላው የሚቆየው እስከ ቀጣዩ የትእዛዝ ምዕራፋችሁ መጀመሪያ ድረስ ነው፤ ስለዚህ በባላጋራ ተራም ይሠራል። «ተራዬ አለቀ» ብሎ የመሐላውን ምልክት ከገበታው የሚያነሳ ሰው ግማሽ መሐላውን በገዛ እጁ ጣለ ማለት ነው። በባላጋራው ተራ እጅ በእጅ ሲዋጋ ደግሞ የመጣል መብቱ አሁንም የሱ ነው።

አሁን ወደ ቅኝቶቹ። ለዚህ ሳጥን የተሠራ የሚመስለው ፋየርስቶርም ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ የማሪን የተኩስ መሣሪያ ሁሉ አድቫንስ አድርጎ፣ ማለትም በአንድ ዳይስ ተጨማሪ ሮጦ፣ ከዚያም መተኮስ ይችላል፤ ዒላማው በ12 ኢንች ውስጥ ከሆነ ደግሞ የመሣሪያው ኃይል በ1 ይጨምራል። የኢንፈርነስ እሳት የሚደርሰው 12 ኢንች ነው። እሳቱ ከደረሰ ጭማሪው አለ ማለት ነው፤ መለካት እንኳ ሁለቴ አያስፈልግም።

ያ አንድ ነጥብ ምን ያደርጋል? መልሱ የጠላት ጥንካሬ ላይ ይንጠለጠላል፤ እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። 5 ኢንፈርነሶች እያንዳንዳቸው አንድ ዳይስ ያህል ይተፋሉ፣ በአማካይ 17.5 ምት። ፊት ለፊታቸው ተርማጋንት (ትንሹ ቲራኒድ) ይቁም፣ ጥንካሬው 3፣ መከላከያው 5+። በኃይል 5 የሚያቆስሉት በ3+ ነው፤ ከመከላከያው በኋላ 7.8 ይሞታሉ። ኃይሉ 6 ሲሆን የጥንካሬው እጥፍ ይሆናል፣ እጥፍ ሲሆን ደግሞ በ2+ ይቆስላል፤ 9.7 ይሞታሉ። የ10 ተርማጋንት ጓድ በአንድ ትፋት ከገበታው ይነሳል ማለት ነው። ይህ ለአንድ ጭማሪ ነጥብ ብዙ ነው። ግን ጥንካሬ 4 ያለው ጠላት ላይ 5ም 6ም ያው 3+ ነው፤ ጭማሪው ባዶ ነው። ጥንካሬ 5 ላይ ከ4+ ወደ 3+ ይወርዳል። ጥንካሬ 10 ያለው ትልቅ ነገር ላይ ደግሞ 5 ኃይል ግማሽ ስለሆነ በ6 ብቻ ያቆስላል፣ 6 ኃይል ግን በ5+፤ ዕድሉ በእጥፍ ያድጋል ማለት ነው፣ ሆኖም ኤፒ የሌለው እሳት ወፍራም ቆዳ ላይ የሚያመጣው ብዙ አይደለም። ይህን አራት መስመር ደብተር ላይ ገልብጣችሁ ገበታው ጥግ ላይ አኑሩት፤ በየተራው ከመከራከር ያድናል።

ርቀቱም አይናቅም። 6 ኢንች እርምጃ፣ አንድ ዳይስ ሩጫ፣ 12 ኢንች እሳት፤ ቢያንስ 19፣ ቢበዛ 24 ኢንች። ሌላ ዲታችመንት ውስጥ ያለው እሳት ተፊ በተለምዶ ሮጦ መተኮስ ስለማይችል 18 ላይ ይቆማል። ስተርንጋርዶቹም በዚሁ ይጠቀማሉ፦ ቦልት ራይፍላቸው 2 ጥይት አለው፣ በ12 ኢንች ውስጥ ሲሆን 3 ይሆናል፣ ኃይሉም ከ4 ወደ 5 ይወጣል። ሁለቱ ጭማሪ በአንድ ርቀት ላይ መገጣጠሙ የቅኝቱን ሐሳብ ያሳያል፤ ተጠግታችሁ ተዋጉ ነው የሚላችሁ። የሚያስከፍለውም እሱው ነው። ያልሞተ ቲራኒድ በቀጣዩ ተራ እላያችሁ ላይ ነው። መድኃኒቱ ኦቨርዋች የሚባለው የሁሉም ጦር ስትራታጄም (በትእዛዝ ነጥብ የሚገዛ ስልት) ነው፦ በ1 የትእዛዝ ነጥብ፣ በባላጋራ ተራ፣ ወደናንተ የሚንቀሳቀስ ክፍል ላይ መተኮስ። ሌላው መሣሪያ በዚህ ጊዜ የሚመታው 6 ሲወጣ ብቻ ነው፤ ቶረንት ግን ዳይስ አይጥልምና 17.5ቱን ምት ሙሉውን ያወርዳል። የትእዛዝ ነጥብ በየተራው፣ በራስም በባላጋራም፣ 1 ስለሚገኝ ለዚህ የሚሆን አይጠፋም። ሌላ ቦታ አታባክኑት።

ሁለተኛው የሚያስኬደው የድሮው ግላዲየስ ነው። ሦስት ትምህርት አለው፣ እያንዳንዱ በጨዋታው አንድ ጊዜ፦ ዴቫስቴተር ሮጦ መተኮስን፣ ታክቲካል ከውጊያ አፈግፍጎ መተኮስና ቻርጅ ማድረግን፣ አሶልት ሮጦ ቻርጅ ማድረግን ይፈቅዳል። የሚመረጠው በትእዛዝ ምዕራፍ ነው፤ ያ ምዕራፍ ካለፈ «ረስቼው ነበር» አይሠራም። ሦስት ቁራጭ ካርቶን ላይ ስማቸውን ጽፋችሁ ያለቀውን መገልበጥ ይበጃል። ዙሩ 5፣ ትምህርቱ 3 ነውና ሁለት ዙር ባዶ ይቀራል።

በግላዲየስ ላይ በጣም የተለመደው ስህተት ከተርሚኔተሮቹ ጋር የተያያዘ ነው። ተርሚኔተር ከሰማይ መውረድ ይችላል፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ከማንኛውም ጠላት ከ9 ኢንች በላይ ርቆ ይቀመጣል። ሰው ታዲያ የሚወርዱበት ዙር ላይ አሶልትን ይመርጣል። ከንቱ ነው፤ ያን ተራ የወረደ ክፍል እንደ ተንቀሳቀሰ ይቆጠራል፣ መሮጥ አይችልም፣ ስለዚህ ሮጦ ቻርጅ የማድረግ ፈቃድ አይጠቅመውም። ባዶ እጁን በሁለት ዳይስ 9 ማውጣት አለበት፤ ያ ከ100 ውስጥ 28 ጊዜ የሚሆን ነው። ካፒቴኑን ከነሱ ጋር ካስቀመጣችሁ ግን የቻርጁን ዳይስ ደግሞ መጣል ያስችላል፤ ወደ 48 ይወጣል። አሶልትን ለቀጣዩ ዙር አቆዩት፣ ቻርጁ ለከሸፈበት ቀን።

በነገራችን ላይ ካፒቴኑና ላይብረሪያኑ ሁለቱም የሚመሩት ተርሚኔተር ጓድ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን አንድ ጓድ ነው። አንዱ ብቻውን መቅረቱ አይቀርም። አፖቴካሪ ባዮሎጂስ ደግሞ የሚመራው አግሬሰር፣ ኢራዲኬተርና ሄቪ ኢንተርሰሰር ሲሆን ከሦስቱ አንዱም ሳጥኑ ውስጥ የለም። ሐኪሙ መጣ፣ በሽተኛው የለም። ነጥብ ሲያጥራችሁ መጀመሪያ የምታስወጡት እሱን ይሁን። ሌተናንቱ ብቻውን የሚሄድ ነው፣ ከ12 ኢንች በላይ ካለ ተኳሽ አይነካውም፤ ዳር ያለ ይዞታ (ሲያዝ የማሸነፊያ ነጥብ የሚያስገኝ ቦታ) ላይ አስቀምጡትና እርሱት።

ሦስተኛው ቫንጋርድ ነው። ከ12 ኢንች በላይ ርቆ የሚተኩስ ጠላት በእግረኞቻችሁ ላይ የመምቻ ዳይሱ በ1 ይቀነሳል፣ እነሱም ከለላ እንዳላቸው ይቆጠራል። ሞዴሉ ጥቂት ለሆነ ጦር ይህ ዕድሜ ነው፤ አንድ ተርሚኔተር ሲሞትበት የሚያለቅስ ሁሉ ሊሞክረው ይገባል። ሆኖም ከለላውን አብዝተው የሚያምኑት አሉ። ከለላ መከላከያን በ1 ያሻሽላል፣ ነገር ግን መከላከያው 3+ ወይም ከዚያ የተሻለ የሆነ ሞዴል ኤፒ በሌለው ጥይት ላይ ከለላ አያገኝም። ማሪን ሁሉ ማለት ይቻላል 3+ ነው። ስለዚህ በተራ ጠመንጃ ዝናብ ሥር ከለላው የለም፤ የሚሠራው ኤፒ ያለው ከባድ መሣሪያ ሲመጣ ነው። የመምቻ ቅነሳውም አይደራረብም፤ ከአንድ በላይ ምክንያት ቢኖር የሚቀነሰው 1 ብቻ ነው። ቲራኒድ ደግሞ መጥቶ በጥርሱ የሚነክስ ስለሆነ በዚህ ቅኝት የምትጠቀሙት ባላጋራችሁ ተኳሽ ሲሆን ነው።

አንቪል ቆሞ ለሚተኩስ ጦር ነው። መሣሪያ ሁሉ «ሄቪ» ይሆናል፣ ካልተንቀሳቀሱ መምቻው በ1 ይሻላል፤ ቀድሞውኑ ሄቪ የነበረው ላይ ማቁሰያውም በ1 ይሻላል። የኢንተርሰሰርም የስተርንጋርድም ቦልት ራይፍል ቀድሞውኑ ሄቪ ነውና ቁጥሩ ያማልላል። ግን የማሸነፊያ ነጥብ የሚገኘው ይዞታ በመያዝ ነው፣ ይዞታ ደግሞ እግር ይፈልጋል። ከ25 ሞዴል ላይ 10 አቁሞ ጨዋታ ማሸነፍ ከባድ ነው። አይረንስቶርም ተሽከርካሪ ለበዛበት፣ ስቶርምላንስ ሞተር ብስክሌትና የሚዘል ጓድ ላለው፣ ፈርስት ካምፓኒ ተርሚኔተርና አንጋፋ ለሞላበት ነው፤ አንድ ድሬድኖትና አንድ የተርሚኔተር ጓድ ይዞ እነሱን መሞከር አንድ ክር ባለው ክራር መቃኘት ነው። የምስራቹ ግን ቅኝቱ በቀለም አልታሰረም። ፋየርስቶርም የሳላማንደሮችን፣ ቫንጋርድ የሬቨን ጋርድን ጠባይ ይዞ ቢጻፍም፣ ማሪኖቻችሁን ሰማያዊም ቀቡ ቢጫ የፈለጋችሁትን መምረጥ ትችላላችሁ። በየጨዋታው መቀያየርም ይቻላል፤ በሳጥን ድህነት ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። እያንዳንዱ ቅኝት 6 ስትራታጄምና 4 ማጎልበቻ ስላለው የማንበቢያው ጊዜ ብቻ ነው የሚበዛው።

ስለ መሣሪያ ምርጫ አንድ ቃል። በ10ኛው እትም የመሣሪያ ዋጋ የለም፤ ጓዱ በሙሉ አንድ ዋጋ ነው፣ ሳጅኑ ተራ ሰይፍ ቢይዝም ፓወር ፊስት ቢይዝም። ይህ ስሌቱን ያቀላል፣ ምርጫውን ግን ይገድላል፤ ብልህ ሰው ሁልጊዜ ከባዱን ይይዛል። ሞዴሉን ስትገጥሙ የእጁን መጋጠሚያ በሙጫ ከማድረቃችሁ በፊት ገጹን ክፈቱ። የጓድ መጠንም በመደበኛው 5 ወይም 10 ነው፤ 7 ሰው ብታሰልፉ የ10 ትከፍላላችሁ። የነጥቡን ዋጋ ራሱን ከመጽሐፍ አትውሰዱ። በነጻ የሚወጣ የነጥብ ሰነድ አለ፣ በየጊዜው ይታደሳል፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ ስልክ ላይ አስቀምጡት።

ሥዕሉና ታሪኩ እንደተለመደው ያማረ ነው፤ መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ የተከታታይ ዘመቻ ሕግም አለበት። ለጨዋታው የስልክ አፕሊኬሽን የሚሆነው፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ኮድ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሰው የተጠቀመበት መጽሐፍ ስትገዙ ኮዱ እንዳልተከፈተ ጠይቁ፤ ከተከፈተ የገዛችሁት ወረቀቱን ብቻ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነስ። ድሮ ትንንሾቹን ማሪኖች የሰበሰበ ሰው ደግሞ ይዘን፦ የድሮዎቹ ሞተር ብስክሌተኞችና የድሮው የአሶልት ጓድ በዚህ መጽሐፍ የሉም። ብላድ ኤንጀልስ፣ ዳርክ ኤንጀልስ፣ ስፔስ ዎልቭስ፣ ብላክ ቴምፕላርስ ወይም ዴዝዎች የሚጫወት የራሱ ተጨማሪ ሕግ ያስፈልገዋል፤ ይህ መጽሐፍ ብቻውን አይበቃውም።

ገበታውን በተመለከተ፣ ለ1000ም ለ2000ም ነጥብ የሚፈለገው 44 በ60 ኢንች ነው፣ ማለትም 112 በ152 ሳንቲ ሜትር። ኢንች የሚያነብ ሜትር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር በአንድ ጎኑ 150 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 60 ኢንች አለው። ርዝመቱ ልክ የገበታው ርዝመት ነው፤ ዘርግታችሁ ጠርዙን ማስመር ነው። ችግሩ የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል። ሁለቱም ጎን አብሮ ስለሚለጠጥ እርስ በርስ ብታስተያዩት አያጋልጥም፤ 30 ሳንቲ ሜትር በሚለካ የተማሪ ማስመሪያ ላይ አስተኙትና እዩ። በ12 ኢንች ላይ ሩብ ኢንች ከተለጠጠ፣ የእሳት ተፊው የማይደርሰው ይደርሳል፤ ፋየርስቶርም ደግሞ ኑሮው ሁሉ 12 ኢንች ላይ ነው። ሁለታችሁም በአንድ ሜትር ለኩ፤ ቢሳሳት እንኳ እኩል ይሳሳታል።

ለጎደለ ሞዴል ዳማ በቆርኪ የለመደ ሰው ቆርኪ ያስቀምጣል። ይሠራል፣ ግን ከጠርሙስ የወጣ ቆርኪ ከኢንተርሰሰሩ 32 ሚሊ ሜትር መቆሚያ ጥቂት ያንሳል፣ ከተርሚኔተሩ 40 ደግሞ በብዙ ያንሳል። ያነሰ መቆሚያ በጠባብ ይሾልካል፣ በአንድ ይዞታ ዙሪያም ብዙ ሰው ያስገባል፤ ባላጋራችሁ ቢያጉረመርም ልክ ነው። በኮምፓስ 32ና 40 ሚሊ ሜትር ክብ ካርቶን ቆርጣችሁ ቆርኪውን መሐሉ ላይ ለጥፉ። ለግድግዳና ለፍርስራሽ የፓስታና የሳሙና ካርቶን ይበቃል፤ ቁመቱን ግን አታሳንሱ፣ ድሬድኖቱን የማይሸፍን ግድግዳ ማንንም አይሸፍንም። የ1000 ነጥብ ጨዋታ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ቡናው አቦል ሲል ጀምራችሁ በረካ ሲደርስ አራተኛው ዙር ላይ ከሆናችሁ በጥሩ ፍጥነት ላይ ናችሁ። ስኒውን ግን ገበታው ላይ አታስቀምጡ።

ቀለም የምትቀቡ ከሆነ የስፕሬይ መነሻ ቀለምን በደሴ ክረምት አትሞክሩት። ጉም ባለበት አየር ላይ ሲነፋ እንደ ዱቄት ሸካራ ሆኖ ይቀመጣል፤ የጋሻው መስመር ሁሉ ይደበዝዛል። ወይ እስከ ጥቅምት ጠብቁ፣ ወይ ዝቅ ወዳለው ኮምቦልቻ ወርዳችሁ በደረቅ ቀን እኩለ ቀን ላይ ንፉ፣ ወይ በብሩሽ ቀቡ።

መጽሐፉ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምታደርጉት አንድ ነገር አለ። ከታተመ በኋላ የወጣ ነጻ ማስተካከያ መሐላውን መልሶ አጠንክሮታል፦ በዚህ ኮዴክስ ዲታችመንት የምትጫወቱ ከሆነና ጦራችሁ ውስጥ ከላይ የተጠቀሱት አምስቱ ቡድኖች (ከብላድ ኤንጀልስ እስከ ዴዝዎች) ከሌሉ፣ መሐላ በተማላበት ክፍል ላይ የማቁሰያ ዳይሱ በ1 ይሻላል። የቅድሙ 10 ጥይት ከ2.2 ወደ 3.0 ቁስል ይመለሳል። ኢንፈርነሶቹም ወደ መሐላው ይገባሉ፣ ማቁሰያ ዳይስ ይጥላሉና፤ ጥንካሬ 4 ያለው ላይ ከ3+ ወደ 2+። በፋየርስቶርም ጥንካሬ 3 ላይ ግን ቀድሞውኑ 2+ ስለሆነ አይጨምርም፤ ተርማጋንት ላይ አትማሉ፣ ትልልቆቹ ላይ ማሉ። ገጹ አንጸባራቂ ወረቀት ነውና እርሳስ አይዝም፣ እስክሪብቶም ይደፋል። ሁለቱን መስመር በቁራጭ ወረቀት ጻፉና ከመሐላው ገጽ ላይኛው ጠርዝ በስስ ፕላስተር አያይዙት፤ ማስተካከያው እንደገና ሲቀየር የምትልጡት እሱን ብቻ ነው።